ይጠፋል እያልሁ ያስተማርሁት ወንዝ

መምህር የሆነ ሰው ከተናገራቸው ቃላት የትኛው በማን ልብ ተተክሎ እንደ ቀረ አያውቅም። ገበሬ የዘራውን ማሳ በመከር ጊዜ ተመልሶ ያየዋል፤ የመምህር ዘር ግን በሰው እግር ተጉዞ ወደማይታወቅ አገር ይሄዳል። እኔም በሥራ ዘመኔ የተናገርሁትን ሁሉ ላስታውስ አልችልም። ሆኖም ከሠላሳ ዓመት በላይ በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኋት፥ በእርጅናዬ ደግሞ ኅሊናዬ መልሶ መላልሶ ያስነበበኝ አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። ይህችውም፥ «አዋሽ ወደ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ ውስጥ ይጠፋል» የምትለው ናት።

«ይህ ምን ስሕተት አለበት?» ብሎ የሚጠይቀኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሣል፤ ቆቃንና መተሐራን አልፎ፥ በአዋሽ ከተማ አጠገብ ያለውን ጥልቅ ገደል ሰንጥቆ፥ አሚባራንና ገዋኔን እያጠጣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይወርዳል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላም ቀይ ባሕርን ሳያይ ይቆማል። ይህን የሚክድ የለም። የእኔ ስሕተት «ይጠፋል» ባልሁት ቃል ላይ ነበር፤ ያንንም ስሕተት የነገረኝ ዕድሜው ከዐሥራ ሦስት ዓመት የማይበልጥ ልጅ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1978 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በአዋሽ አርባ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል መምህር ነበርሁ። ተማሪዎቼ የባቡር ሠራተኞች፥ የወታደሮች፥ የነጋዴዎችና የእርሻ ሠራተኞች ልጆች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ከአውሳ የመጣ የአፋር ልጅ ሲሆን፥ በጥጥ እርሻ የሚሠራ አጎቱ ዘንድ ተጠግቶ ይማር ነበር። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ አማርኛውንም እየመዘነ ይናገራል። ያን ቀን ካርታውን በግድግዳው ላይ ሰቅዬ፥ አዋሽን ከምንጩ ጀምሬ በአርጩሜ ጫፍ እየተከተልሁ ወረድሁና፥ ሰማያዊዋ መሥመር ከምታልቅበት ቦታ ስደርስ «እዚህ ላይ ይጠፋል» አልሁ። ልጁ እጁን አውጥቶ ብድግ አለና፥

«መምህር፥ አይጠፋም» አለ።

«ታዲያ ወዴት ይሄዳል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እኛ ቤት ይመጣል» አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። የሚያሳዝነው የልጆቹ መሳቅ አይደለም፤ ልጅ ይስቃል። የሚያሳዝነው እኔም አብሬ መሳቄ ነው። «ካርታውን የሠሩት ሊቃውንት ካንተ ይበልጥ ያውቃሉ» ብዬ አሳፈርሁት፤ በዚህም ሳላበቃ፥ መምህሩን ተቃወመ በማለት ደወል እስኪደወል ድረስ በግድግዳው ሥር አንበረከክሁት። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ «የአዋሽ ወንዝ የሚጠፋው የት ነው?» የሚል ጥያቄ አወጣሁ። ልጁ «አይጠፋም» ብሎ ጻፈ፤ እኔም በቀይ ቀለም ሰረዝሁበት። ከክረምቱ ዕረፍት በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ትምህርቱን የተወው በዚያች ጥያቄ ምክንያት ነው ለማለት አልደፍርም፤ አጎቱ ሥራ ለውጦ ይሆናል፥ ቤተሰቡም ከብት ጠባቂ ቸግሮት ይሆናል። ነገር ግን በእኔ ምክንያት አይደለም ለማለትም አልደፍርም።

ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ጧት ጧት ከፊደልና ከሒሳብ አስቀድሞ የቅዱሳት መጻሕፍት ታሪክ እንማር ስለ ነበር፥ የንዕማንን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቀዋለሁ። ንዕማን የሶርያ ንጉሥ ሠራዊት አለቃ ነበረ፤ ከለምጹ የሚነጻበትን መንገድ ያመለከተችው ግን በምርኮ ከእስራኤል የመጣች፥ ስሟ እንኳ ያልተጻፈ አንዲት ትንሽ ልጅ ናት። በዮርዳኖስ ታጠብ በተባለም ጊዜ የአገሩን ወንዞች አባናንና ፋርፋርን አስቦ ዮርዳኖስን ናቀው። ይህን ታሪክ ለብዙ ሰዎች ተርኬዋለሁ፤ ንዕማንንም ስወቅሰው ኖሬአለሁ። ጡረታ ወጥቼ በቤት ስቀመጥና ታሪኩን እንደገና ሳነብ ግን አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ዮርዳኖስም እንደ አዋሽ ሁሉ ወደ ውቅያኖስ አይደርስም፤ በጨው ባሕር ያበቃል። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ዮርዳኖስ «ይጠፋል» ብዬ አስተምሬ አላውቅም። ለምን? ዮርዳኖስ በሚያልፍበትና በሚያበቃበት አገር ነቢያትና ነገሥታት፥ ከተሞችና ጦርነቶች እንደ ነበሩ ስለ ተማርሁ ነው። አውሳ ግን በእኔ ዘንድ የካርታ ጠርዝ እንጂ ሰው የሚኖርበት አገር አልነበረችም።

እንግዲህ ያንን ጠርዝ በዓይኔ ሳላይ እንዳልሞት ወሰንሁ። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር፥ በአዋሽ አርባ የማውቀው አንድ ወጣት የአፋር ነጋዴ ለዘመዱ ሠርግ ወደ አሳይታ መሄዱን ሰማሁና አብሬው እንድሄድ ለመንሁት። ወጣቱ ደስ ብሎት፥ «መምህር፥ እርስዎ እኮ ከእኛ ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖረው አሳይታን አላዩም ማለት ነው?» አለኝ። ጥያቄው በቅንነት የቀረበ ቢሆንም ጐኔን ወጋኝ። በአዋሽ ዳር ሠላሳ ዓመት ያህል ኑሬ፥ ወንዙን ተከትዬ አንድ ቀን እንኳ አልወረድሁም ነበር።

ይህን መንገድ በማወቅ የተመሰገኑት ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፥ የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ወደ አፋር ምድር ለሚገቡ መንገደኞች መነሻ ሆኖ ነበር። በ1926 ዓ.ም. ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለ በአዲስ አበባ የተወለደ ወጣት እንግሊዛዊ፥ ግመሎች ጭኖ ከዚሁ ጣቢያ ተነሣ። ዓላማው አዋሽ የት እንደሚያበቃ በዓይኑ ማየት ነበር። የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ ሰጥተውት በአገራቸው አለፈ፤ እስከ አቤ ሐይቅ ደርሶ፥ ከዚያም ወደ ታጁራ ባሕር ወረደ። ይህ ጉዞ በአውሮፓ ዘንድ ትልቅ ሥራ ተብሎ ተቈጠረለት። እኔ የሰውየውን ድካምና ድፍረት አላቃልልም። ነገር ግን እርሱ በብዙ ወራት መከራ ያገኘውን መልስ፥ የእኔ ተማሪ ከቤቱ ይዞት መጥቶ በነጻ ሰጥቶኝ ነበር። ቴሲጀር መልሱን ከለንደን ቢነግረኝ ኖሮ በደብተሬ እጽፈው ነበር፤ ልጁ ቢነግረኝ ግን አንበረከክሁት።

ከአዋሽ አርባ በማለዳ ተነሥተን በጅቡቲ መንገድ ወረድን። ጭነት መኪኖች እንደ ግመል ቅፍለት ተከታትለው ይወጣሉ ይወርዳሉ። በአሚባራ በኩል ስናልፍ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሜዳውን ሁሉ የወረረ እሾሃማ ዛፍ አየሁ። ፕሮሶፒስ ይሉታል። ለጥላና በረሃውን ለማልማት ይጠቅማል ተብሎ ከውጭ አገር መጥቶ በመካከለኛው አዋሽ የተተከለ ዛፍ ነው፤ ዛሬ ግን የከብቶቹን ሣር አጥፍቶ፥ መንገድና የውኃ ዳር ዘግቶ፥ ለአርብቶ አደሩ መከራ ሆኗል። ይህን ዛፍ እኛም ተማሪዎቻችንን አሰልፈን በትምህርት ቤቱ ግቢ ዙሪያ ተክለነዋል፤ በደስታም ውኃ አጠጥተነዋል። «ከብቶቻችሁ ይበሉታል ወይ? ሣራችሁን ይጎዳል ወይ?» ብለን ከአካባቢው ሽማግሌዎች አንዱን እንኳ አልጠየቅንም። ዕውቀት ከውጭ ወደዚያ አገር ይገባል እንጂ ከዚያ አገር ይወጣል ብለን አላሰብንም ነበር።

በገዋኔ የአየሉን ተራራ በስተግራችን ወይም በስተቀኛችን እንደሆነ እስካደናግር ድረስ ሙቀቱ አደከመኝ። ሚሌንና ሎጊያን አልፈን ሰመራ ደረስን። ሰመራ የአፋር ክልል መዲና የሆነች አዲስ ከተማ ናት፤ ይህ ማዕርግ ቀድሞ የአሳይታ ነበር። ከሰመራ ወደ አሳይታ ስንታጠፍ አገሩ ጥቁር ድንጋይና አቧራ ብቻ ስለ ነበር፥ «ይህን አይተው ይሆናል ይጠፋል ያሉት» እያልሁ በልቤ ካርታ ሠሪዎቹን ላጸድቃቸው ጀመርሁ። አሳይታ የደረስነው ሲመሽ ስለ ነበር፥ የዚያን ዕለት ወንዙን አላየሁትም።

አሳይታ ትንሽና ያረጀች ከተማ ናት። ከወንዙ ከፍ ባለ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። በማግሥቱ ፀሐይ ሳይጠነክር ወጣቱ ወደ አፋፉ ጫፍ ወሰደኝ። ወደ ታች ስመለከት ለጥቂት ጊዜ ቃል ጠፋኝ። ትናንት ያየሁት ጥቁር በረሃ እንዳልነበረ ሆኖ፥ ከሥሬ ሰፊ ለምለም አገር ተዘርግቷል። አዋሽ ጭቃ የመሰለውን ውኃውን ይዞ፥ የደከመ ሽማግሌ ወደ ቤቱ እንደሚገባ በዝግታ ይሄዳል። ከወንዙ ቦዮች ይወጣሉ፤ ከቦዮቹም ሌሎች ትንንሽ ቦዮች ይወጣሉ። በየቦዩ ዳር በቆሎ፥ ጥጥና ተምር አለ፤ ከብቶች እስከ ሆዳቸው በሣር ውስጥ ቆመዋል። አንዲት ሴት ልጅ ከቦዩ ውኃ ቀድታ በዚያው ዳር ወዳለ የሰሌን ጎጆ ስትገባ አየሁ። ከዚህ አልፎ የተረፈው ውኃ ወደ ገመሪና ወደ አፋምቦ ሐይቆች፥ በመጨረሻም በጅቡቲ ወሰን ላይ ወዳለው ወደ አቤ ሐይቅ ይሄዳል። ያ ልጅ «እኛ ቤት ይመጣል» ባለኝ ጊዜ ምሳሌ መናገሩ አልነበረም፤ ያየውን መናገሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወጣቱ ወደ አንድ ሽማግሌ ዘመዱ ቤት ወሰደኝ። በአፋር ዘንድ «ዳጉ» የሚባል ሥርዓት እንዳለ ብዙ ሰው ሰምቷል። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ፥ ቢቸኩሉም እንኳ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዝናም የት እንደ ዘነበ፥ ሣር የት እንዳለ፥ ማን እንደ ሞተ፥ ማን እንደ ተጣላ ይነጋገራሉ። እኔ ይህን ለብዙ ዘመን እንደ ሥራ ፈት ወግ እቈጥረው ነበር። ሽማግሌው በወጣቱ አስተርጓሚነት ያስረዱኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ዳጉ ግዴታ ነው፤ የሰማው ሰው ለሌላው ማድረስ አለበት፤ ጨምሮና ቀንሶ የተናገረ በሕዝቡ ዘንድ ይዋረዳል፥ ይቀጣልም። ስለዚህ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ለብቻ፥ ከሌላ የሰማውን ለብቻ፥ ከማንም እንደ ሰማው ጭምር ለይቶ ያወራል። የመንጋው ሕይወት በዚያ ወሬ ላይ የተመሠረተ ነውና፤ ዝናም ባልዘነበበት «ዘንቧል» ቢባል ሰው ከብቱን ነድቶ ወደ ሞት ይሄዳል።

ይህን ስሰማ አንገቴን ደፋሁ። እኔ የተማርሁ ነኝ እያልሁ፥ የሰማሁትን እንዳየሁት አድርጌ ሠላሳ ዓመት ያህል አስተማርሁ። በዓይኑ ያየውን የተናገረውን ልጅ ደግሞ ቀጣሁት። በዳጉ ሕግ ቢፈረድ ኖሮ መንበርከክ የሚገባኝ እኔ ነበርሁ።

ሽማግሌው ከአባታቸው፥ አባታቸውም ከአያታቸው የሰሙትን ሲነግሩኝ፥ በሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ዘመን ከባሕር በኩል የመጣ መድፍ የያዘ ጦር በአውሳ ሌሊት ተመትቶ እንደ ጠፋ አወጉኝ። ወደ ቤቴ ተመልሼ መጻሕፍት ሳገላብጥ ነገሩን አገኘሁት። ጦሩ የግብጽ ነበር፤ መሪውም በግብጽ አገልግሎት የነበረው ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነው። ከታጁራ ተነሥቶ በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ ለመውጣት ሲጓዝ፥ በኅዳር 1868 ዓ.ም. እርሱና አብዛኛው ሠራዊቱ በዚያ አለቁ። ይህ የሆነው የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ሌላውን የግብጽ ጦር በጉንደት ድል ባደረገበት በዚያው ሳምንት ነው። ጉንደትን በየዓመቱ አስተምሬአለሁ፤ ጉራንም አስተምሬአለሁ፤ ቀንና ዓመታቸውን ያላወቀ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበት ነበር። አውሳን ግን አንድ ቀን አንሥቼ አላውቅም። ያ ልጅ በክፍሌ ተቀምጦ የአገሩን የነጻነት ታሪክ ሲሰማ፥ የአያቶቹ ደም በዚያ ታሪክ ውስጥ እንዳለ ማንም አልነገረውም፤ ምናልባት እርሱ ያውቅ ነበር፥ የሚሰማው ግን አላገኘም።

የአውሳ ታሪክ ከዚህም ይርቃል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1577 የሐረሩ ኢማም መሐመድ ጋሳ መንበሩን ከሐረር ወደ አውሳ አዛወረ፤ በ1734 ደግሞ የሙዳይቶ ቤት ሱልጣኖች መግዛት ጀመሩ። የኢጣሊያ ሰዎችም ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ሲያስቡ የዚህን አገር ዋጋ ከእኛ ቀድመው ዐወቁ። በ1862 ዓ.ም. አንድ የኢጣሊያ የመርከብ ኩባንያ በአሰብ መሬት ገዛ፤ በ1875 ዓ.ም. መልእክተኛቸው አንቶኔሊ፥ ከአሰብ ወደ ሸዋ የሚወጣው የነጋዴ መንገድ እንዲከፈት ከአውሳው ሱልጣን ጋር ውል ተዋዋለ። እንግዲህ እኛ ደገኞች ጀርባችንን ሰጥተን «የአገር ጠርዝ» ያልነው ቦታ፥ ከባሕር ለሚመጣ ሰው የአገር በር ነበር። የበሩን ጠባቂ የማያውቅ ቤተሰብ ደኅና ቤተሰብ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ሽማግሌው በመጨረሻ የነገሩኝ ነገር ግን ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ አሳሰበኝ። «ወንዙ ድሮ እንደሚመጣው አይመጣም» አሉ። አንዳንድ ጊዜ ይዘገያል፤ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ ይደርሳል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሁሉንም ጠርጎ ይመጣል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በአፋር ብዙ ሺህ ሰው አፈናቅሏል። ከላይ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠራ፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን ተቋቋመ፤ ቀጥሎም ሸንኮራው በወንጂና በመተሐራ፥ ጥጡ በአሚባራና በተንዳሆ ሰፋ። ልማቱ ለአገር ጠቅሟል፤ እኔም ያን ስኳር በሻይ ጠጥቻለሁ፥ ያን ጥጥ ለብሻለሁ። ነገር ግን የአፋር ከብቶች በበጋ የሚሸሹበት የወንዝ ዳር ሣር እርሻ ሆነ፤ በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ በመጣ ጊዜም መሸሻው ተዘግቶ ስለ ነበር ብዙ ሰውና ብዙ ከብት አለቀ።

በዚህ ጊዜ ነው የዐረፍተ ነገሬ ክፋት ሙሉ በሙሉ የገባኝ። ከተማሪዎቼ መካከል የእርሻ ባለሙያ፥ የመስኖ ሠራተኛ፥ የመሥሪያ ቤት ሹም የሆኑ አሉ። እኔ «ውኃው ይጠፋል» ብዬ ካስተማርኋቸው፥ የሚጠፋን ውኃ ከላይ ጠልፎ መጠቀም ማዳን እንጂ መውሰድ መስሎ አይታያቸውምን? «ውኃው አንድ ቤት ይደርሳል» ብዬ አስተምሬ ቢሆን ግን፥ ቢያንስ ከመጥለፋቸው በፊት የባለቤቱን ስም ይጠይቁ ነበር። አንዲት ቃል ይህን ያህል መንገድ ትሄዳለች። እኔ የሳትሁት በአንድ ልጅ ነጥብ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በአንድ ሕዝብ ውኃ ላይ ኖሯል።

ከዚያም የዳጉው ተራ የእኔ ሆነና፥ ሽማግሌው «እርስዎስ ምን አዩ? ምን ሰሙ?» ብለው ጠየቁኝ። የልጁን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋቸው፤ መሳቄንም፥ ማንበርከኬንም፥ በቀይ ቀለም መሰረዜንም አልደበቅሁም። ወጣቱ ሲተረጕም ድምፁ ዝቅ አለ። በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች ዝም አሉ። ሽማግሌው ጥቂት ቈይተው የልጁን ስም ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። የአባቱን ስም ጠየቁኝ፤ እርሱንም ከመዝገብ አስታውሰው ስለ ነበር ነገርኋቸው። ጎሳውን ጠየቁኝ፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር፥ አንድ ዓመት ሙሉ በፊቴ ተቀምጦ ሲማር ጠይቄው አላውቅም። ሽማግሌው በዚህ ስም የሚጠራ ሰው በአውሳ ብዙ መሆኑን ነገሩኝ። «ቢሆንም ወሬው ይሄዳል፤ በሕይወት ካለ ይደርሰዋል» አሉ። ቀጥለውም፥ «ሲያገኙት ምን ይበሉት?» ብለው ጠየቁኝ።

«መልሱ ትክክል ነበር በሉት» አልሁ።

ሽማግሌው ፈገግ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ወጣቱም እንዲህ ብሎ ተረጐመልኝ፦

«እሱማ ያውቀዋል። እርስዎ ማወቅዎን እንነግረዋለን።»

ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ ከልጁ ዘንድ የመጣ ወሬ የለም። ልጅ እላለሁ እንጂ፥ በሕይወት ካለ ዛሬ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ልጆቹን ምን ብሎ እንደሚያስተምራቸው አላውቅም። ያን የፈተና ወረቀት መልሼ ላርመው አልችልም፤ የተሰረዘውም መልስ እንደ ተሰረዘ በአንድ ቦታ በስብሶ ይሆናል። የቀረኝ ነገር ወሬውን በሥርዓቱ ማድረስ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወጣት መምህራን ሆይ፥ ከአንድ ጡረተኛ ባልንጀራችሁ ይህን ምክር ተቀበሉ። ስታስተምሩ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ። መጽሐፍ አክብሩ፥ ነገር ግን መጽሐፉ የጻፈው ሰው ቆሞ ያየበት ቦታ እንዳለው አስታውሱ፤ ከደጋ ሆኖ ሲያዩት የሚጠፋ ነገር ሁሉ፥ ከቈላ ሆኖ ሲያዩት የሚመጣ ነው። ካርታ ስትሰቅሉ ከክፍላችሁ ልጆች መካከል ቤቱ በካርታው ጠርዝ ላይ የሆነ እንዳለ ጠይቁ፤ ካለም አስቀድማችሁ እርሱን አናግሩት። ተማሪ «አይደለም» ባለ ጊዜም ከመቈጣታችሁ በፊት «እንዴት ዐወቅህ?» በሉት። ይህች አጭር ጥያቄ አንድ ደቂቃ አትወስድም፤ እኔ ግን እርስዋን ባለመጠየቄ ሠላሳ ስምንት ዓመት ወስዳብኛለች።

የሰማሁት፥ አዋሽ ይጠፋል ሲባል ነው፤ ከመጽሐፍ ሰማሁት። ያየሁት ግን፥ አዋሽ ከጊንጪ ደጋ ተነሥቶ፥ ከመንገድ ብዙ ተቀንሶበት፥ ደክሞ አውሳ ሲደርስ ነው። በአሳይታ አፋፍ ሥር፥ በቦዩ ዳር፥ አንዲት ልጅ ውኃውን ቀድታ ወደ ቤቷ ስታስገባው አይቻለሁ።